ሮለሩ የሚነካው ድንጋዩን አይደለም፦ «አዲስ ጂፕሰም ቦርድ ፕራይመር አያስፈልገውም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«አዲስ ጂፕሰም ቦርድ ፕራይመር አያስፈልገውም» በሚል ርእስ የቀረበውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። (ጂፕሰም ቦርድ ለግድግዳና ለኮርኒስ የሚገጠመው ገበታ ነው፤ ፕራይመር ደግሞ ከማጠናቀቂያው ቀለም በፊት የሚቀባው የመጀመሪያ ዙር።) የመጀመሪያው ንባብ አናደደኝ። በሁለተኛው ግን ጸሐፊው ነገሩን ያነሡት ቤታቸውን በስንት ጭንቅ የሚያስጨርሱ ሰዎች አላስፈላጊ ወጪ እንዳያወጡ በማሰብ መሆኑን ተረዳሁ፤ ይህን ቅንነታቸውንም አከብራለሁ። ሆኖም ከሰጧቸው ምክሮች አብዛኞቹ ሥራ ላይ ቢውሉ ባለቤቱን ለእጥፍ ወጪ፣ ቀቢውን ደግሞ ላልፈጸመው ጥፋት ለወቀሳ የሚዳርጉ ናቸው። በማጠናቀቂያ ሥራ ረዘም ያለ ዘመን ያሳለፍኩ ሰው በመሆኔ ዝም ብሎ ማለፉ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው። ቦርዱ ከፋብሪካ ለስልሶ የሚመጣ ድንጋይ ስለሆነ ቀለም አይጠጣም፤ ቢጠጣም ሦስተኛ ዙር የማጠናቀቂያ ቀለም ያካክሰዋል። «የግድ ነው» ለሚል ሰው በውኃ የቀጠነ ኮላ ወይም በአኳራጅ የቀጠነ የዘይት ቀለም ይበቃዋል። መላው ግድግዳ ስቱኮ፣ ማለትም ገጹን የሚደፍነውና የሚያለሰልሰው ነጭ ሊጥ፣ ከተቀባ ደግሞ የፕራይመሩ ሥራ ተሠርቷል ማለት ነው። «ቀለምና ፕራይመር በአንድ» የሚል ቆርቆሮ ለገዛ ሰው ጥያቄው ተዘግቷል። የአገራችን አየር ፀሐያማ ስለሆነም ስቱኮው በገባበት ዕለት መቀባት ይቻላል። የግድግዳ ወረቀት የሚለጥፍ ሰው ከናካቴው ስለዚህ ጉዳይ መጨነቅ የለበትም፤ ቀለም ተቀብቶ ጉድለት የታየበት ሰውም አንድ ዙር ይጨምርበት። ጸሐፊው የሚሉት ይህን ነው።

የቀሩት ስሕተቶች የሚፈልቁት ከመጀመሪያው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ የማየው እርሱን ነው። የቦርዱ ሆድ ድንጋይ መሆኑ እውነት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁል የወረደ ሰው ይህን ድንጋይ በገደሉ ላይ አይቶታል፤ ጂፕሰም ከሸክላማ ድንጋይ ጋር እየተፈራረቀ የተነባበረበትን ያን ንጣፍ የሥነ ምድር ባለሙያዎች በከተማዋ ስም የጎሐ ጽዮን ፎርሜሽን ይሉታል። ጂፕሰም ተፈጭቶ ወደ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ በውስጡ ከታሰረው ውኃ ሦስት አራተኛውን ይለቅቅና እኛ ጄሶ የምንለው ዱቄት ይሆናል። ፋብሪካው ይህን ዱቄት በውኃ አቡክቶ በሁለት ወፍራም ወረቀቶች መካከል ሲያፈስሰው የለቀቀውን ውኃ መልሶ ይይዝና እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ከክብደቱ አንድ አምስተኛ የሚሆነው በዚህ መልክ የታሰረ ውኃ ነው፤ ቦርዱ እሳትን ለተወሰነ ጊዜ የሚያዘገየው ይህ ውኃ እየተነነ ሙቀቱን ስለሚበላው ነው እንጂ ርጥብ ስለሆነ አይደለም።

ይህ ሁሉ ግን ለቀቢው የሩቅ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም ሮለሩ ድንጋዩን አንድም ቀን አይነካውም። የሚነካው ወረቀቱን ነው፤ ወረቀት ደግሞ ይጠጣል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እንኳ ጥሩ ነበር፤ መላው ግድግዳ አንድ ዓይነት ወረቀት ቢሆን ኖሮ በእኩል ይጠጣና ጸሐፊው ቢያንስ ግማሽ እውነት ይኖራቸው ነበር። ነገር ግን ቦርዱ አብዛኛውን ጊዜ 1.2 ሜትር ስፋት ባላቸው ገበታዎች ስለሚመጣ በየመጋጠሚያው ቴፕ ይለጠፍበታል፤ በቴፑ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ስቱኮ ይሄድበታል፤ የእያንዳንዱ ብሎን ራስም በስቱኮ ይደፈናል። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ፣ በስቱኮው ዳርና ዳር ያለው የቦርዱ ወረቀት አብሮ ይፋቅና ጸጉሩ ይቆማል። ስለዚህ ከሩቅ ሲያዩት አንድ የሚመስለው ግድግዳ በእውነቱ ሦስት ዓይነት ገጽ ነው፦ ያልተነካ ወረቀት፣ የተፋቀ ወረቀትና ስቱኮ። ሦስቱም የሚጠጡት በተለያየ ፍጥነት ነው፤ ፕራይመር ወይም ሲለር የምንለው የመጀመሪያ ዙር ዋና ሥራም እነዚህን ሦስት ገጾች እኩል ጠጪ ማድረግ ነው። ግድግዳውን ለማንጣት የሚቀባ የመሰለው ሰው «ቀድሞውኑ ነጭ ነው፤ ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ይህን ለማረጋገጥ የእኔን ቃል ማመን አያስፈልግም። ጣትን ውኃ ውስጥ ነክሮ አንዷን ጠብታ በቦርዱ ወረቀት ላይ፣ ሌላዋን ደረቅ ስቱኮ ላይ ማኖር ነው። ወረቀቱ ላይ ያለችው ለጥቂት ጊዜ ድቡልቡል ብላ ትቆያለች፤ ስቱኮው ላይ ያለችው ወዲያው ትሰምጣለች። በውኃ የሚቀጥን ቀለም የሚደርስበትም ይኸው ነው። ቀለሙ ውስጥ ያሉት እጅግ ጥቃቅን የሙጫ እንክብሎች እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ሽፋን የሚሆኑት ውኃው ቀስ እያለ ሲለያቸው ነው። ስቱኮው ውኃውን በአንድ ጊዜ ሲመጥጠው እንክብሎቹ በደንብ ሳይያያዙ ይደርቃሉ፤ ሽፋኑ እዚያ ቦታ ላይ ደብዛዛና ዱቄት ዱቄት የሚል ይሆናል፤ ከጎኑ ያለው ወረቀት ላይ ደግሞ በደንብ ይይዝና ትንሽ ያብለጨልጫል። ውጤቱ በየ1.2 ሜትሩ የሚታይ ደብዛዛ መስመርና በየብሎኑ ላይ የተበተነ ነጠብጣብ ነው። ከአንድ ባልዲ የወጣ ቀለም በሁለት መልክ ተከፍሎ ሲታይ ባለቤቱ በቅድሚያ የሚጠረጥረው ቀቢውን ነው፤ «ቀለሙን በውኃ አብዝቶታል» ይለዋል።

ጉድለቱ ፊት ለፊት ሲያዩት አይታይም፤ በጎን የሚመጣ ብርሃን ነው የሚያጋልጠው። በአዲስ አበባ አዳዲስ አፓርታማዎች ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ መስኮት እየተለመደ ስለመጣ የጠዋት ፀሐይ ግድግዳውን እየላሰች ትገባለች። ኮርኒሱ ደግሞ የባሰ ነው፤ በጂፕሰም ደረጃ ተሠርቶለት ሂደን ላይት (የተደበቀ መብራት) የተዘረጋበት ሳሎን፣ መብራቱ ከኮርኒሱ ጋር ተኝቶ ስለሚበራ የእያንዳንዱን መጋጠሚያ ምስጢር ያወጣል። ይህን የምጽፈው ከንድፈ ሐሳብ ተነሥቼ ብቻ አይደለም። ሥራውን በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ ሳሎን ኮርኒሱን ያለ ፕራይመር ቀብቼ፣ በቀን ብርሃን አሳይቼ፣ ገንዘቤን ተቀብዬ ሄድኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ማታ ተደወለልኝ። መብራቱ በርቶ ሳየው የቦርዶቹ አቀማመጥ እንደ ፕላን ወረቀት ተሥሎ ይታይ ነበር፤ ስንት ገበታ እንደገባ መቁጠር ይቻላል። የቤቱ ባለቤት እናቴን የሚያህሉ ሴት ነበሩ፤ አልተቆጡም፤ «ልጄ፣ ይህ ዲዛይኑ ነው?» ብቻ አሉኝ። ያን ኮርኒስ በራሴ ወጪ ደግሜ ቀባሁት።

ጸሐፊው በሁለተኛው ነጥባቸው «ሦስተኛ ዙር ቀለም የፕራይመርን ዋጋ ያስቀራል» ይላሉ። እስቲ እናስላው። 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.8 ሜትር የሆነ ክፍል በርና መስኮቱ ሲቀነስ 45 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ አለው። ተራ የውኃ ቀለም በታሸገ (ፕራይመር በተቀባ) ገጽ ላይ በሊትር 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል ብንል አንድ ዙር 4.5 ሊትር ይፈልጋል። ባልታሸገ ቦርድ ላይ ግን የመጀመሪያው ዙር ስለሚጠጣ ሽፋኑ ወደ 7 ወይም 8 ካሬ ሜትር ይወርድና ወደ 6 ሊትር ይደርሳል፤ ሁለት ዙር ሲጨመርበት 15 ሊትር የማጠናቀቂያ ቀለም ይሆናል። በፕራይመሩ መንገድ ደግሞ 5.5 ሊትር ያህል ፕራይመርና 9 ሊትር ቀለም ያስፈልጋል። ድምሩ ተቀራራቢ መሆኑን አልክድም፤ ልዩነቱ ያለው በሊትሩ ዋጋ ላይ ነው። ለቦርድ የሚሆን ተራ ፕራይመር አብዛኛውን ጊዜ ከጥሩ የማጠናቀቂያ ቀለም ይረክሳል፤ ሙጫውም የተቀመመው እንዲጠጣና እንዲይዝ ነው እንጂ እንዲያምር ወይም እንዲታጠብ አይደለም። ውዱን ቀለም ለመጠጣት ማዋል ቅቤን ለቀዳዳ መድፈኛ እንደማዋል ነው።

ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሦስተኛው ዙር ችግሩን ሁልጊዜ አለመፍታቱ ነው። ፍጹም ደብዛዛ በሆነ ነጭ ቀለም፣ የጎን ብርሃን በማያገኘው ግድግዳ ላይ ሦስተኛ ዙር ልዩነቱን ሊሸፍነው ይችላል፤ ለመጋዘንና ለዕቃ ቤት የጸሐፊው ምክር ቢያስኬድ አልከራከርም። የተወሰነ አብረቅራቂነት ባለው ቀለም ወይም ጠቆር ባለ ከለር ላይ ግን በአራተኛውም ዙር መስመሩ አልጠፋ ሲል አይቻለሁ፤ የተፋቀው ወረቀት ጸጉር በቀለም ተጣብቆ ስለሚደርቅ ሻካራነቱ በየዙሩ ይወፍራል እንጂ አይለሰልስም። ከፕራይመር በኋላ ግን ይህ ጸጉር ጠንክሮ ስለሚቆም ለስለስ ባለ የብርጭቆ ወረቀት አንድ ጊዜ እጅ ሲያርፍበት ይወድቃል። ይህን ትንሽ ሥራ ብዙ ቀቢ ይዘልለዋል፤ በመዳፍ ሲዳሰስ የሚሰማው ልዩነት ግን ከዚያ ነው የሚመጣው።

የኮላው ምክር ከሁሉ ይልቅ አስደንግጦኛል፤ ምክንያቱም ግማሽ እውነት አለበት። ጸሐፊው ብዙዎቹ የቦርድ ፕራይመሮች ፒቪኤ ከሚባለው ሙጫ እንደሚሠሩ፣ አናጢ የሚጠቀምበት ነጭ ኮላም ከዚያው እንደሚሠራ ሰምተው «እንግዲያስ ኮላውን በውኃ አቅጥኖ መቀባት አንድ ነው» የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። ስንዴ ሁሉ እንጀራ አይደለም። በፕራይመሩ ውስጥ ከሙጫው ሌላ ነጭ ቀለምና የተፈጨ ማዕድን አለ፤ ሲደርቅ የሚተወው ገጽ ሸካራነት ያለው ስለሆነ የሚቀጥለው ዙር የሚነክሰው ነገር ያገኛል። የአናጢው ኮላ ግን ሲደርቅ እንደ ላስቲክ የለሰለሰና የተዘጋ ገጽ ይሆናል፤ በዚያ ላይ ውኃ ሲነካው መልሶ ይለሰልሳል። የውኃ ቀለም ሲቀባበት ከሥር ያለው ኮላ ይነሣል፣ ከሮለሩ ጋር ይጎተታል፣ ሲደርቅ ደግሞ ቀለሙ ግድግዳውን ሳይሆን ኮላውን ይዞ ይቀራል። ከወራት በኋላ በዳርቻው ጥፍር ሲገባበት ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት በሙሉ ይገፈፋል። ይህን የተቀባ ግድግዳ ማዳን ካልታሸገው ይልቅ ይከብዳል፤ ያልታሸገውን ደግመው ይቀቡታል፤ ኮላ የተቀባውን ግን ፍቀው ማንሣት ሊኖርባቸው ነው፤ ሲፋቅ ደግሞ የቦርዱ ወረቀት አብሮ ይቀደዳል።

በጀቱ ፈጽሞ የማይፈቅድለት ሰው ምን ያድርግ የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። በብሪታንያ ቀቢዎች በአዲስ ልስን ላይ የመጀመሪያውን ዙር በውኃ የቀጠነ ተራ ደብዛዛ ቀለም ይቀቡታል፤ በእንግሊዝኛ «ሚስት ኮት» (የጭጋግ ሽፋን እንደ ማለት) ይሉታል፤ ቅጥነቱ ቀለሙ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ያደርገዋል። እኛም በግድ ከሆነ፣ ርካሽና ደብዛዛ የሆነውን፣ «ይታጠባል» ወይም «ያብለጨልጫል» ያልተባለበትን ቀለም ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ውኃ ጨምረን የመጀመሪያ ዙር ብናደርገው ከኮላው እጅግ ይሻላል። የፕራይመርን ያህል አያሽግም፤ ግን ቢያንስ ጉዳት አያመጣም።

በአኳራጅ የቀጠነውን የዘይት ቀለም በተመለከተ ጸሐፊው የድሮ ቀቢዎችን ልማድ ይጠቅሳሉ። ልማዱ ነበረ፤ ለእንጨትና ለአሮጌ ግድግዳ ሲሆን ምክንያትም ነበረው። በጥሬ የቦርድ ወረቀት ላይ ግን የዘይት ፕራይመር የወረቀቱን ጸጉር የማስነሣት ጠባይ ስላለው ገጹ ሻካራ ሆኖ ይቀራል። ሽታው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሚሠራው ልጅ ሳንባ የሚያደርገውን ለመናገር ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ለዘይት የሚገባውን ቦታ ግን አልነፍገውም፤ ኮርኒሱ ላይ ጣሪያ አፍስሶ ቢጫ የውኃ ምልክት ከቀረ፣ ወይም የጭስ ጥላሸት ካለ፣ የውኃ ፕራይመር ምልክቱን ስለሚያሟሟው እንደገና ብቅ ይላል፤ እዚያ ላይ እድፍ የሚያግድ የዘይት ፕራይመር በቦታው ብቻ መቀባት ትክክል ነው፤ በእርግጥ አስቀድሞ ጣሪያው ተጠግኖ፣ ቦርዱም ደርቆ ከሆነ።

ጸሐፊው በጣም የቀረቡኝ ስለ ስቱኮ በጻፉት ክፍል ነው። በእኛ አገር መጋጠሚያውን ብቻ ሳይሆን መላውን ቦርድ በስስ ስቱኮ መልበስ የተለመደ ነው፤ ይህም መልካም ልማድ ነው። የአሜሪካ የጂፕሰም ማኅበርና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት የአጨራረስ ደረጃ ውስጥ ከ0 እስከ 5 ካሉት እርከኖች ከፍተኛው፣ አምስተኛው የሚባለው፣ ይኸው መላውን ገጽ የመሸፈን ሥራ ነው፤ የሚመከረውም አብረቅራቂ ቀለም ወይም ከባድ የጎን ብርሃን ባለበት ቦታ ነው። ስቱኮው ሦስቱን ገጾች ወደ አንድ ስለሚያመጣ ጸሐፊው «ልዩነቱ ጠፍቷል» ሲሉ አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት «ስለዚህ ፕራይመር አያስፈልግም» ሲሉ ነው፤ ያው ሰነድ በዚያ በአምስተኛው ደረጃ ላይ ሳይቀር ከመጨረሻው ቀለም በፊት ፕራይመር እንዲቀባ ይመክራል።

ምክንያቱም ከላይ ያየነው ነው፤ ስቱኮ ከወረቀት ይልቅ ይጠጣል። መላውን ግድግዳ ስቱኮ ስናለብሰው እኩል እንዲጠጣ አደረግነው እንጂ መጠጣቱን አላስቀረነውም፤ እንዲያውም አበዛነው። በዚህ ላይ ከተፈገፈገ በኋላ ገጹ ላይ የሚቀረው ዱቄት አለ። ጥቁር ጨርቅ ወይም መዳፍ በግድግዳው ላይ አሳልፎ ማየት ነው፤ ነጭ ሆኖ ከተመለሰ ቀለሙ የሚጣበቀው በግድግዳው ላይ ሳይሆን በዱቄቱ ላይ ነው። በቦታው ላይ ከዱቄት ተበጥብጦ የሚሠራ ስቱኮ፣ ሙጫው ካነሰ፣ ይህ ችግር ይብስበታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ከተፈገፈገ በኋላ በለስላሳ መጥረጊያ ማራገፍ፣ ቀጥሎ ውኃው በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ መወልወል፣ ሲደርቅ ፕራይመር መቀባት። በፍግፈጋው ጊዜ የሚቦንነው አቧራ በጣም ደቃቅ ስለሆነ አፍንጫን በነጠላ መሸፈን አይበቃም፤ ደህና ማስክ ያስፈልጋል። ይህን በቅንፍ እንደተናገርኩት ይቆጠርልኝ፤ ግን በየሥራው ቦታ ወጣቶች እንደ ዱቄት ቤት ሠራተኛ ነጥተው ሳይ ዝም ማለት አልችልም።

«ቀለምና ፕራይመር በአንድ» ስለሚለው ቆርቆሮ ብዙ አልልም። ጸሐፊው በሜሪላንድ የሚኖሩ ዘመዳቸው ቤታቸውን በዚህ ቀለም ብቻ ቀብተው እንዳማረላቸው ጽፈዋል። እዚያ አብዛኛው ቤት በዚህ ቦርድ የሚሠራ ስለሆነ ምሳሌው ከቦታው የወጣ አይደለም፤ ነገር ግን ዘመዳቸው የቀቡት ቀድሞ የተቀባ ግድግዳ ከሆነ፣ ያ ግድግዳ ከዓመታት በፊት ታሽጎ ያለቀ ነው። እነዚህ ቀለሞች ወፈር ያሉና በደንብ የሚሸፍኑ ናቸው፤ በአሮጌ ቀለም ላይ ጥሩ ይሠራሉ። ከቆርቆሮው ፊት ያለውን ትልቅ ጽሑፍ ትተን የቴክኒክ መግለጫቸውን ስናነብ ግን ብዙዎቹ ለአዲስ ቦርድ አስቀድሞ ፕራይመር እንዲቀባ ያዝዛሉ።

ስለ አየሩ የተጻፈው ደግሞ አዲስ አበባን የማያውቅ ሰው የጻፈው ይመስላል። ሐምሌ ውስጥ ፀሐይ ለቀናት ላትታይ ትችላለች፤ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፤ ያልተጠናቀቀ ሕንፃ መስኮቱ ሁሉ ካልገባለት አየሩ እርጥብ ነው። ተበጥብጦ የሚመጣው ስቱኮ የሚደርቀው ውኃው ሲተን ብቻ ስለሆነ፣ አምራቾቹ በተለመደው ሁኔታ ለእያንዳንዱ ሽፋን 24 ሰዓት ያህል እንዲሰጠው፣ የክፍሉም ሙቀት ከ10 ዲግሪ እንዳይወርድ ይመክራሉ። በክረምት እኔ ሁለት ቀን እሰጠዋለሁ። ጄሶ ያለበት ስቱኮ ግን በግማሽ ሰዓት ወይም በአንድ ሰዓት ስለሚጠነክር ብዙ ሰው ያሳስታል፤ መጠንከር ሌላ፣ መድረቅ ሌላ ነው። ጄሶው የሚያስፈልገውን ውኃ ይዞ ድንጋይ ሲሆን የተረፈው ውኃ ገና ውስጡ አለ፤ ቀለም ከላይ ከተዘጋበት መውጫ ፍለጋ ሽፋኑን ያቆረፍደዋል ወይም ሻጋታ ይዞ ይወጣል። ያልደረቀ ስቱኮ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ በእጅ ጀርባ ሲነካም ይቀዘቅዛል። ለድሬዳዋና ለሰመራ የጸሐፊው ፀሐይ እውነት ነው፤ እዚያ ችግሩ ተገልብጦ ቀለሙ ራሱ ሮለር ላይ እያለ ስለሚደርቅ ማለዳና አመሻሽ ላይ መቀባት ይሻላል።

ፀሐይን ካነሡ አይቀር ያልጠቀሱት አንድ ጉዳይ አለ። ገንዘብ አልቆ ሥራው ለወራት የሚቆምበት ቤት በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። ቦርዱ ሳይቀባ በመስኮት በሚገባ ፀሐይ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ወረቀቱ እንደ አሮጌ ጋዜጣ ቢጫ ይሆናል፤ በኋላ በውኃ ቀለም ሲቀባ ቢጫው ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ዙር ፕራይመር ቀብቶ ማቆም ወረቀቱን ያድነዋል፤ ቢጫ ከሆነ በኋላ የተደረሰበት ደግሞ እድፍ የሚያግደውን ፕራይመር ይፈልጋል።

ጸሐፊውን በአንድ ነገር እደግፋቸዋለሁ፤ ሻጮች ለፕራይመር የሌለውን ኃይል ይሰጡታል ማለታቸው ትክክል ነው። ፕራይመር ውኃ አያግድም፤ በሻወር ቤት ተራ ቦርድ ላይ አሥር ዙር ቢቀባም ቦርዱ ከመላሸቅ አይድንም፤ ለርጥበት የተሠራው አረንጓዴ ቦርድ እንኳ ውኃ በቀጥታ በሚፈስበት ቦታ ከሴራሚኩ በታች ውኃ የሚከላከል ሽፋን ያስፈልገዋል። መጥፎ ስቱኮንም አያስተካክልም፤ ጎድጓዳው ጎድጓዳ ሆኖ ይቀራል። እንዲያውም አንድ ወጥ ነጭ ገጽ ስለሚፈጥር ያልታየውን ጭረት ያጋልጣል፤ እኔ ከፕራይመር በኋላ ግድግዳውን በእጅ መብራት በጎን እያበራሁ የምመለከተውና የመጨረሻውን የስቱኮ እርማት የማደርገው ለዚህ ነው፤ የታረመውንም ቦታ በፕራይመር ደግሜ እነካዋለሁ።

ስለ ግድግዳ ወረቀት የተሰጠው ምክር አጭር መልስ ይበቃዋል። የወረቀቱ ማጣበቂያ በውኃ የሚበጠበጥ ሙጫ ነው፤ ባልታሸገ ቦርድ ላይ ሲለጠፍ ወረቀት ከወረቀት ጋር ይዋሐዳል። ሲለጥፉት ምንም ችግር አይታይም። ባለቤቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰልችቶት ሲያነሣው ግን የቦርዱ ፊት አብሮ ይመጣና ውስጡ ያለው ጂፕሰም ገጥጦ ይወጣል። የወረቀት ደንበኛ ከቀለም ደንበኛ ይልቅ ፕራይመር ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ ጸሐፊው ነገሩን ገልብጠውታል።

የመጨረሻው ምክራቸው፣ ጉድለት ለታየበት ሰው «አንድ ዙር ይጨምርበት» የሚለው፣ ምናልባት ይህን ጽሑፍ አምነው የቀቡ ሰዎች ስላሉ ግልጽ መልስ ይገባዋል። ያለ ፕራይመር ተቀብቶ መስመር የታየበትን ግድግዳ በዚያው ቀለም መደራረብ ገንዘብ ማፍሰስ ነው፤ መፋቅም አያስፈልግም። በመጀመሪያ በአንድ ጥግ ላይ የሚጣበቅ ፕላስተር ለጥፎ በኃይል መንቀል ነው፤ ቀለሙን ይዞ ካልመጣ ሽፋኑ ቦታውን ይዟል ማለት ነው። ከዚያ መላውን ግድግዳ በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ጋለብ ጋለብ አድርጎ ጸጉሩን መጣል፣ አቧራውን መወልወል፣ ቀጥሎ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ዙር ፕራይመር መቀባት፤ በመስመሮቹ ላይ ብቻ የተቀባ ፕራይመር ሌላ መስመር ይፈጥራልና ቆጥቦ መዝለል አይገባም። የማጠናቀቂያው ቀለም ጠቆር ያለ ከሆነ ፕራይመሩ ወደዚያው ቀለም ወይም ወደ ግራጫ እንዲጠጋ ቢደረግ ይመረጣል። በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው የማድረቂያ ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ ይህም በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ነው፣ በክረምት ግን እስከ ማግስቱ፣ ሂደን ላይቱን አብርቶ ማየት ነው፤ መስመሩ በፕራይመሩ ላይ ከጠፋ አንድ ዙር፣ ቢበዛ ሁለት ዙር ቀለም ይበቃዋል።